ዓሣ ይዘው የሚለቁት ዳኛ

አንድ ዳኛ ነበሩ፤ ስማቸው ወንድይራድ ይባላል። ከተራራ ሥር ባለች ትንሽ ከተማ ሃያ ዓመት ሙሉ ሲፈርዱ ጉቦ ያልቀመሱ፣ ባለሥልጣን ያልፈሩ፣ ድሃ ያላስከፉ ሰው ነበሩ። "ያላስከፉ" የሚለውን ቆይተን እናየዋለን። እሳቸው ግን ከልባቸው እንደዚያ ያምኑ ነበር።

ዳኛው ከሁሉ አብልጠው የሚፈሩት ችኮላን ነው። "የቸኮለች አፍሳ ለቀመች" ይላሉ በየችሎቱ። አንድ ምስክር ከተሰማ ሁለተኛ ይምጣ ይላሉ፤ ሁለተኛው ከመጣ ሦስተኛ ካለ ይፈለግ ይላሉ። ከዚያ መነጽራቸውን አውልቀው ቀጠሮ ይሰጣሉ። ሆኖም በቀጠሯቸው ብዛት ደፍሮ የሚያጉረመርም አልነበረም፤ ንጹሑን ሰው በመጨረሻ "በነፃ ተሰናብተሃል" ማለታቸው አይቀርማ! በሃያ ዓመት ውስጥ በአንድም ንጹሕ ሰው ላይ አልፈረዱም። ይህ ኩራታቸው ነበር፤ በዚህ የኮራ ሰው ደግሞ አይታማም።

ሁለተኛው ኩራታቸው ዓሣ ነው። በከተማዋ ዳር የሚወርደው ወንዝ ከተራራው አናት ይመነጫል፤ ጥርስ የሚያንቀጫቅጭ ቀዝቃዛ ነው። በውስጡ ትራውት የሚባል፣ ገላው በነጠብጣብ የተዥጎረጎረ የብርድ አገር ዓሣ ይኖራል። ዳኛው ቅዳሜ ቅዳሜ ረጅም ዘንጋቸውን ይዘው ወደ ወንዙ ይወርዳሉ። በትል ማጥመድ አይወዱም። ከዶሮ ላባና ከሐር ክር በገዛ እጃቸው ዝንብ ይሠራሉ። ያቺን ላባ የለበሰች መንጠቆ ወርውረው ውሃው ላይ ሲያሳርፏት ከእውነተኛ ዝንብ አትለይም። ዓሣው ብዙ እንዳይቆስል ብለው ወደ ኋላ የዞረውን የመንጠቆዋን እሾህ እንኳ በሞረድ አጥፍተውታል።

የያዙትን ዓሣ አይበሉም። ክሩን እያላሉና እያጠበቁ ረጅም ሰዓት ይታገሉታል፤ ለነገሩ ደስታው ያለው እዚያ ላይ ነው። ዓሣው ደክሞ በጎኑ ሲተኛ ያነሡትና በፀሐይ ከፍ አድርገው ያዩታል። ያደንቁታል። ከዚያ "ሂድ ልጄ፣ በነፃ ተሰናብተሃል!" ብለው ወደ ውሃው ይወረውሩታል። ዓሣው ጅራቱን መታ መታ አድርጎ በወንዙ መታጠፊያ በኩል ይሰወራል፤ ዳኛውም ልባቸው ሞልቶ ወደ ቤታቸው ይመለሳሉ።

አንድ ዓመት በጋው ከበደ። የበልጉ ዝናብ ቀረ፣ ወንዙ ቀጠነ፣ ቀዝቃዛው ውሃ ለብ አለ። በዚያው በጋ አጥናፉ የሚባል ኮርቻ ሠሪ በበቅሎ ስርቆት ተከሶ ወህኒ ቤት ነበር። የጠፋችው በቅሎ ኮርቻ እሱ ሱቅ ውስጥ ተገኝቷል። እሱ "የማላውቀው ሰው ጠግንልኝ ብሎ ጥሎት የሄደ ነው" ይላል። ጎረቤቱም ቀርቦ ኮርቻውን ያመጣውን ሰው በዓይኑ እንዳየ መስክሮለታል።

ጎረቤቱ በመሰከረበት ቀን ሰውየው ንጹሕ እንደሆነ የዳኛው ልብ አውቆታል። ነገር ግን ያን ዕለት በዚያ መንገድ ያለፈች አንዲት እንጨት ሻጭ ነበረች ተባለ፤ እሷም ትፈለግ ብለው ቀጠሮ ሰጡ። እንጨት ሻጯ ልጇን ልትድር ሩቅ አገር ሄዳለች ተባለ፤ እንደገና ቀጠሮ። የበቅሎዋ ባለቤት እንኳ ሌላ በቅሎ ገዝቶ ችሎት መምጣቱን ትቶታል። አጥናፉ ግን መቅረት የሚችልበት መንገድ ስላልነበረው በየቀጠሮው ይመጣል። በመጣ ቁጥርም ከፊተኛው ከስቶ ይመጣል። ሰባት ወር ሲሞላው ሳል ጀመረው።

"መፍታቴ አይቀርም፤ መዝገቡ ብቻ ጥርት ይበል" ይሉ ነበር ዳኛው ለራሳቸው።

አንድ ቅዳሜ ፀሐይዋ አናት እስክትበሳ ድረስ ሲያጠምዱ ዋሉ። ማለዳ መጀመሪያ የያዙት ዓሣ ከጅራቱ ጫፍ ቁራጭ የጎደለው ነበር፤ አሞራ ነጭቶት ይሆናል። እሱን ለቀቁት፤ ከእሱ በኋላም ሦስት ለቀቁ። አምስተኛው ጉልበተኛ ስለነበረ ግማሽ ሰዓት ያህል ታገላቸው። እሱንም "በነፃ ተሰናብተሃል!" ብለው ወርውረው ላብ ሲጠርጉ ነፋስ መጣና ባርኔጣቸውን አንሥቶ ውሃው ላይ ጣለው። ባርኔጣው እየተንሳፈፈ በመታጠፊያው ዞረ። ዳኛው በሃያ ዓመት ውስጥ ከመታጠፊያው በታች ወርደው አያውቁም። ምን ሊያደርጉ ይወርዳሉ? የዚያን ዕለት ግን ሱሪያቸውን ሰብስበው ባርኔጣቸውን ተከተሉ።

ከመታጠፊያው በታች ወንዙ ይሰፋና ረጋ ይላል። አንዲት አሮጊት ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ልብስ ያጥባሉ። ባርኔጣውን ከውሃው አውጥተው አሸዋው ላይ አስቀምጠውታል። ከባርኔጣው አጠገብ አራት ዓሣዎች ተጋድመዋል፤ ሁሉም ሞተዋል። አንዱ ከጅራቱ ጫፍ ቁራጭ ጎድሎታል።

ዳኛው ቆመው ቀሩ።

"እማማ፣ እነዚህን ዓሣዎች ምን ገደላቸው?" አሉ።

"ድካም ነው፣ ጌታዬ" አሉ አሮጊቷ እጃቸውን ከልብሱ ሳያነሡ። "ከላይ አንድ ደግ ሰው አሉ። ይይዙና ይለቃሉ። ክረምት ሲሆን ውሃው ብርድ ስለሆነ ተንገዳግደውም ቢሆን ያልፋሉ። በዚህ ሙቀት ግን ትንፋሽ ከየት ያምጡ? እሳቸው ዘንድ ሲዋኙ ይታያሉ፤ እኔ ዘንድ ሲደርሱ ይገለበጣሉ።"

ይህን ሲናገሩ አምስተኛው ዓሣ በመታጠፊያው በኩል መጣ። ሲዋኝ አልነበረም፤ ውሃው ነበር የሚያመጣው። አንዴ ቀና አለ፣ ዘመመ፣ ከዚያ ነጭ ሆዱን ወደ ሰማይ አዞረ። አሮጊቷ ቀሚሳቸውን ሰብስበው ውሃው ውስጥ ገቡና ከሆዱ ሥር በመዳፋቸው ደገፉት፤ በጥግ በኩል ቀዝቃዛ ምንጭ ወደሚገባበት ቦታም ወሰዱት።

"ይምጡ፣ እርስዎ ይያዙት። የእኔ ወገብ አይችልም" አሉ። "ፊቱን ውሃው ወደሚመጣበት ያዙሩት። አይጭመቁት። ቀና አድርገው ብቻ ይያዙት።"

ዳኛው ጫማቸውን ሳያወልቁ ገቡ። ዓሣውን ያዙ። ቆዩ። ጀርባቸው አመማቸው፤ ዓሣው እንደ እርጥብ ጨርቅ ለስልሶ እጃቸው ላይ ተኝቷል። "እንልቀቀው?" አሉ። "ገና ነው" አሉ አሮጊቷ። ብዙ ቆይቶ የዓሣው ጉንጭ መከፈትና መዘጋት ጀመረ። ከዚያ ከመዳፋቸው ውስጥ ጀርባው ጠጠር አለ፣ ጅራቱ ገፋቸው፣ ሄደ።

ዳኛው በሕይወታቸው ከለቀቁት ዓሣ ሁሉ ይልቅ በዚህኛው ደስ አላቸው፤ ደስታው ግን አልቆየም። አሸዋው ላይ የተጋደሙትን አራቱን አዩና የሃያ ዓመት ቅዳሜ ትዝ አላቸው።

"እማማ፣ ያ ከላይ ያለው ሰው እኔ ነኝ" አሉ።

"አውቃለሁ፣ ጌታዬ።"

"የት ያውቁኛል?"

"ስምንት ቀጠሮ ፊትዎ ቆሜያለሁ። ስንዱ እባላለሁ፤ የኮርቻ ሠሪው የአጥናፉ እናት ነኝ።" ያጠቡትን ሸሚዝ አንሥተው ጨመቁት። "ይህ የእሱ ነው። እየሰፋው ስላስቸገረ በየቀጠሮው ጎንና ጎኑን ወደ ውስጥ እሰፋለታለሁ። አሁንማ የልጅ ልብስ መሰለ።"

"እማማ ስንዱ፣ እኔ ልጅዎን... መልቀቄ እኮ አይቀርም" አሉ ዳኛው።

"እሱንም አውቃለሁ። ደግ ሰው ነዎት፤ ሰው ሁሉ ይመሰክራል። እኔ የምፈራው አይለቁትም ብዬ አይደለም። እኔ ዘንድ ሲደርስ ምን ሆኖ ይደርሳል ብዬ ነው።"

ከዚያ ባርኔጣውን አራግፈው ሰጧቸው። ክፋት የማያውቁ ሴት ነበሩና ምክርም ጨመሩ፦ "በበጋ ማጥመድ ካማረዎት ከታች ኩሬ አለ። ቆሮሶና አምባዛ የሚባሉ ዓሣዎች ሞልተውታል፤ እነሱ ልጆቻቸውንም በሙቀት ነው የሚያሳድጉት። ይያዙና ይብሉ። የብርድ አገሩን ዓሣ ግን ክረምት እስኪገባ ይተዉት። ከያዙትም ቶሎ ይልቀቁት።"

ሰኞ ማለዳ ዳኛው የችሎት ጸሐፊያቸውን አቶ ጌጡን ጠሩ። "በነፃ ያሰናበትኳቸው ሰዎች ዛሬ የት እንዳሉ ማወቅ እፈልጋለሁ" አሏቸው። አቶ ጌጡ እስክሪብቷቸውን አስቀመጡ።

"ጌታዬ፣ ይቅርብዎት። ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል።"

"ዘንዶውን አሳዩኝ" አሉ ዳኛው።

አቶ ጌጡ የትንሽ ከተማ ሰው ናቸውና መዝገብ ማገላበጥ አላስፈለጋቸውም። ሁለት ዓመት ቀጠሮ የተመላለሰው ሸማኔ ከወህኒ በወጣ በሦስተኛው ወር ሞቷል። አንዲት ጠጅ ጣይ ነበረች፤ ነፃ ወጥታ ቤቷ ስትገባ ትንሿ ልጇ "ይቺ ሴትዮ ማን ናት?" ብላ ከጎረቤት ቀሚስ ሥር ተደበቀች። ሌሎቹም አሉ። ደህና የሆኑም አልጠፉም፤ ዳኛው ግን የሰሟቸው ያልሆኑትን ብቻ ነው። መነጽራቸውን አወለቁ። በዚህ ጊዜ ግን ቀጠሮ አልሰጡም።

"ኮርቻ ሠሪውን አምጡልኝ" አሉ።

"የእሱ ቀጠሮ እኮ ገና ሦስት ሳምንት ይቀረዋል፤ እንጨት ሻጯም አልመጣች።"

"ልጇን ትዳር፤ እግዚአብሔር ይባርክላት። አጥናፉን ዛሬ አምጡልኝ።"

ከሰዓት በኋላ አጥናፉ መጣ። እማማ ስንዱም ሰምተው ደረሱ፤ ከኋላ አግዳሚው ጫፍ ላይ ተቀመጡ። ዳኛው ክሱን አነበቡ፣ የጎረቤቱን ቃል አነበቡ፣ ጨረሱ። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ ሲኒ ቡና የሚጠጣበትን ጊዜ እንኳ አልፈጀም። ለዚህ ነበር ሰባት ወር። "በነፃ ተሰናብተሃል" አሉ፤ ድምፃቸው ግን እንደ ወትሮው አልጮኸም።

ሌላ ጊዜ ቢሆን ዳኛው መዝገቡን ዘግተው በኋላ በር ይወጡ ነበር። የዚያን ዕለት ከመንበራቸው ወረዱና በፊት በር ተከትለው ወጡ። አጥናፉ ደረጃው ድረስ በደንብ ሄደ። እንዲያውም ፈገግ ብሎ ለእናቱ እጁን አወዛወዘ። ሁለተኛው ደረጃ ላይ ሲደርስ ሳሉ ተነሣበት፤ ጉልበቱ ከዳውና ዘመመ። ሰው "ወደቀ! ወደቀ!" ሲል ዳኛው ከነካባቸው ደረሱና ከብብቱ ሥር ደገፉት።

"አይጭመቁት" አሉ እማማ ስንዱ ቀስ ብለው።

"አልጨምቀውም" አሉ ዳኛው።

ፊቱን ነፋሱ ወደሚመጣበት አዞሩለት። ፖሊሱ "እኔ ልያዘው" ቢል እምቢ አሉ፤ ጸሐፊው ወንበር ቢያመጡ አልተቀመጡም። የከተማው ሰው ከቦ እያየ፣ እኚያ ፊታቸው የማይቀረብ ዳኛ ደረጃው ላይ ቆመው አንድ ኮርቻ ሠሪ አቅፈው አለቀሱ። አጥናፉ ትንፋሹ ተመለሰ። ከብዙ ቆይታ በኋላ ዳኛው ከእጃቸው ሥር ጀርባው ጠጠር ሲል ተሰማቸው።

"አሁን ልልቀቅህ?" አሉት።

"ትንሽ ይቆዩ" አለ አጥናፉ።

ቆዩ። ከዚያ አብረውት እስከ ቤቱ ወረዱ፤ ቤቱ ደግሞ ከመታጠፊያው በታች ነው።

በዚያ በጋ ዳኛው ወደ ላይኛው ወንዝ አልተመለሱም። ከታች ኩሬው ዳር ተቀምጠው በላባ ዝንባቸው ቆሮሶ ሲይዙ ይታያሉ፤ አንዴም አምባዛ ዘንጋቸውን ሰብሮባቸው ከተማው ሲስቅ ሰነበተ። የያዙትን ለእማማ ስንዱ ያደርሳሉ፤ የዓሣ ሾርባ ለሳል ጥሩ ነው ብለው ነው። ክረምቱ ሲገባ አጥናፉ ሸሚዙን ለእናቱ መለሰላቸው፤ ስለ ጠበበው ወደ ውስጥ የሰፉትን ይተረትሩለት ጀመር።

ወገኖቼ፣ መልካም ሰው መሆንና መልካም ማድረስ አንድ አይደሉም። አንድን ሰው በእጃችን ይዘን አድክመነው፣ አንገላተነው፣ ደጅ አስጠንተነው፣ በመጨረሻ "ሂድ፣ ለቀቅኩህ" ስንል ራሳችንን ደግ አድርገን እንቆጥራለን። የሚሄደውን ጀርባውን እናያለን እንጂ የሚደርስበትን አናይም። አንዲት ፊርማ ዛሬ ነገ የሚል ሹም፣ ይቅርታውን ለዓመት በዓል የሚያቆይ አባት፣ "ከልቤ አልተቀየምኩም" እያለ ወር የሚያኮርፍ ባል፣ ሁሉም መልቀቃቸው አይቀርም። የዘገየ ደግነት ግን ሟቹን ነው የሚሸኘው። ደግነት በጊዜው መልቀቅ ነው፤ ከለቀቁም በኋላ የተለቀቀው በራሱ ጉልበት እስኪሄድ ድረስ እጅን ከሥሩ አለማንሣት ነው።

እናንተስ "መልቀቄ አይቀርም" እያላችሁ በእጃችሁ የያዛችሁት ማን አለ? ከመታጠፊያው በታች ወርዳችሁ አይታችሁ ታውቃላችሁ?