ይርገዱ የምትገባበት ቤት

ቀይ አፈር በምትባለው የሸክላ ሠሪዎች መንደር የአንዲት ድሃ ሴት እርግዝና ገፍቶ ሲታይ፣ ሴቶች «ይርገዱ ገባችላት?» እያሉ ይጠያየቃሉ፤ ከመውለዷ በፊት መጥታ አብራት የምትቀመጥ፣ ከወለደችም በኋላ ልጁ ጡት እስኪለምድ የማትለያት ጎረቤት፣ የራሷ ስም ማንም ይሁን ማን፣ በዚያ ቤት ይርገዱ ትባላለች።

አረጋውያን እንደሚናገሩት የመጀመሪያዋ ይርገዱ ባሏ ለሥራ ርቆ ሄዶ ብቻዋን የወለደች እንስራ ሠሪ ነበረች። ቢጫውና ወፍራሙ የመጀመሪያ ወተቷ ሲመጣ፣ ልጅ ያሳምማል ሲባል ሰምታ ስለነበር ጡቷን አልባ መሬት ላይ አፈሰሰችው፤ ለሕፃኗም ቅቤና የአብሽ ውሃ አቀመሰቻት፤ ብዙም ሳትቆይ የምትበላው ስላልነበራት ልጇን ትታ፣ እንስራዋን ተሸክማ ገበያ ወጣች። ሕፃኗ አልቆየችም። ጡቷ ግን ይህን አላወቀም ይባላል፤ የጎረቤት ልጅ ባለቀሰ ቁጥር እየፈሰሰ ቀሚሷን ያረጥበው ነበር።

ከዚያ በኋላ ይርገዱ እንጨት ሻጯ ደብሪቱ ማርገዟን ሰማችና ሳትጠራ ሄዳ ደጃፏ ላይ ተቀመጠች። ደብሪቱ ገና ልጅ እግር ነበረች።

«እትዬ፣ እኔ በቀን አንዴ ነው የምበላው፤ ወተት ከየት ይመጣልኛል?» አለቻት።

«ይመጣልሻል። ለእኔም መጥቶልኝ ነበር፤ ቢጫው ራሱ ለልጅ እንደሚበጅ የሚነግረኝ ሰው ነው ያጣሁት።»

ደብሪቱ ስትወልድ አማቷ ቅቤ ይዘው ቀረቡ። ይርገዱ «እማማ፣ እባክዎ ቅቤውን ለአራሷ ያድርጉላት፤ ለልጅቷ የእናቷ ወተት ይበቃታል» ብላ ለመነቻቸውና ሕፃኗን ጡት ላይ አስጠጋቻት፤ እንዴት አድርጋ እንደምትይዛትም ለእናቲቱ አሳየቻት። እንጨቱንም በደብሪቱ ፈንታ ተሸክማ ገበያ ስትወርድ ያየው መንደርተኛ፣ ለአራሷ እህል እያዋጣ ያመጣ ጀመር። ሕፃኗ አደገች፣ ወፈረች።

ክርስትና በተነሣች ማግስት ደብሪቱ ልጇን አጥብታ ለይርገዱ አስታቀፈቻትና ውሃ ልትቀዳ ወረደች። ስትመለስ ከደጅ ሆና ድምፅ ሰማች፤ ይርገዱ ሕፃኗን በሌላ ስም እየጠራች፣ ቀስ ብላ ታጫውታታለች። ክርስትና ሳትነሣ ለሞተችው ልጇ በልቧ ያወጣችው፣ ለማንም ያልነገረችው ስም ነበር ይላሉ። ደብሪቱ እንስራዋን እንዳዘለች ወደ ወንዙ ተመለሰች፤ ፀሐይ እስክታዘቀዝቅም አልመጣችም።

ዛሬም በቀይ አፈር እናት ከክርስትናው ማግስት ልጇን ለገባችላት ሴት አስታቅፋ ወደ ወንዙ ትወርዳለች። ከቤት የሚወጣ ድምፅ የማይደርስበት ድረስ ርቃ ትቀመጣለች፤ ስትመለስም ልጄን ምን ብለሽ ጠራሻት ብላ አትጠይቅም።