የካሜራው መኪና፣ ድንኳኑና የአራሷ ገንፎ

ኑ፣ ጠጋ ጠጋ በሉ። ነሐሴ ነው፤ ቆርቆሮው እንዲህ ሲንጣጣ ድምፄ አይሰማችሁም። አንተ ከበሩ ራቅ በል፣ እዚያ ጋ ያፈሳል። ተቀመጣችሁ? እሺ።

ያኔም ነሐሴ ነበር። ወንዙ ሞልቶ እንደ ኮርማ ያገሳል፤ ከድልድዩ በቀር መሻገሪያ የለም። ከወዲህ ማዶ ትርንጎ የምትባል ሴት አልጋ ላይ የዋለ ባሏን ይዛ ትኖራለች። ከወዲያ ማዶ ልጇ ውባለም ወልዳለች፤ የመጀመሪያዋ ነው። የውባለም ባል ከባድ መኪና ይዞ ጅቡቲ ወርዷል። ብቻዋን ናት። ጠዋት ስልክ ደወለች።

«እማዬ፣ ዳቦና ሻይ ሰለቸኝ። ጡቴ ወተት አጣ፤ ልጁ ያለቅሳል።»

የእናት ሆድ እንዴት ይችላል? ትርንጎ ገንፎ ሠራች፣ መሐሉን ጎድጎድ አድርጋ ቅቤና በርበሬ ሞላችበት፣ በጨርቅ ጠቅልላ ወጣች። ድልድዩ ላይ ቀማኛ ተቀምጧል። ጩቤ አለው።

«ልጄ፣ አራስ ቤት ነው የምሄደው፣ አሳልፈኝ» አለችው።

«እኔንስ አራስ ብትይኝ ምናለ፣ እማማ?» አለና ነጥቆ፣ እዚያው ቁጭ ብሎ በላው! ጣቱን እየላሰ። ሳህኑንም አልመለሰም።

እንግዲህ ቀማኛው አይሸሽም፤ ገንፎው አይሻገርም፤ ውባለም አትበላም።

ትርንጎ ወደ አደባባዩ ወጣች። እዚያ የፖሊስ መኪና ቆሟል፤ አናቱ ላይ ረጅም ብረት፣ ከብረቱ ጫፍ የሚዞር ዓይን ያለው። ካሜራ ነው አሉ። ያየውን ፊት አይረሳም አሉ። እሱ ከመጣ ወዲህ ከአደባባዩ ኪስ አውላቂ ሁሉ ጠፍቷል። እኔ አልገባኝም፤ ብቻ ዓይኑ አይርገበገብም ይላሉ።

«ሳጅን አበጋዝ፣ ድልድዩ ላይ ቀማኛ ተቀምጧል፤ መኪናህን አውርድልኝ።»

«እናቴ፣ በእግሬ ስመጣ ጥሻ ገብቶ ይደበቃል፣ ስመለስ ይመለሳል። ካሜራው ነበር ደጉ፤ እሱ ምሳ አይወጣም። ግን መንገዱን የእድር ድንኳን ዘግቶታል። በየት ልለፍ፣ ልብረር?»

እንግዲህ መኪናው አይወርድም፤ ቀማኛው አይሸሽም፤ ገንፎው አይሻገርም፤ ውባለም አትበላም።

ትርንጎ ወደ ድንኳኑ ሄደች። ከአጥር እስከ ቦይ ተወጥሯል፤ ድመት አያሳልፍም። የእድሩን ድንኳን የሚተክለውም የሚነቅለውም ሽብሩ ነው፤ ካስማው ላይ ተደግፎ ያንቀላፋል።

«ሽብሩ፣ ድንኳኑን ንቀልልኝ።»

«የእድሩ ዳኛ ሳያዝዙ? አንቺ ሴት፣ ከእድር ልታስወጪኝ ነው?»

እንግዲህ ድንኳኑ አይነቀልም፤ መኪናው አይወርድም፤ ቀማኛው አይሸሽም፤ ገንፎው አይሻገርም፤ ውባለም አትበላም።

የእድሩ ዳኛ አቶ መንገሻ ጃንጥላቸውን ዘርግተው ደጅ ቆመዋል።

«ጋሼ፣ ድንኳኑ ይነቀል ብለው ይዘዙ። ለቅሶው እንደሆነ ስምንት ቀን ሆነው።»

«ሦስት ቀን ነበር ወጉ። ግን ዘርትሁን አልነሣም ብላለች። ሐዘንተኛን ከድንኳን ጎትቶ የሚያስወጣ ዳኛ እኔ አይደለሁም!»

እንግዲህ ዳኛው አያዝዙም፤ ድንኳኑ አይነቀልም፤ መኪናው አይወርድም፤ ቀማኛው አይሸሽም... በሉ እናንተ ጨርሱት። ገንፎው አይሻገርም፤ ውባለም አትበላም። ጎሽ!

ትርንጎ ጎንበስ ብላ ገባች። ዘርትሁን ባሏ የሞተባት ናት፤ ፍራሹ ላይ ፊቷን ወደ ድንኳኑ ሸራ አዙራ ተቀምጣለች።

«እግዜር ያጥናሽ። አይበቃሽም እህቴ?»

«እንዴት ይበቃኛል? አልጋነሽ አልደረሰችኝም! አብሮ አደጌ፣ አብረን ውኃ የቀዳን። ባሌ ሞቶ አንዲት ዕንባ ነፈገችኝ። እሷ መጥታ እስካላለቀሰች ሥር እሰድዳለሁ እንጂ አልነሣም!»

እንግዲህ ዘርትሁን አትነሣም፤ ዳኛው አያዝዙም፤ ድንኳኑ አይነቀልም፤ መኪናው አይወርድም፤ ቀማኛው አይሸሽም፤ ገንፎው አይሻገርም፤ ውባለም አትበላም።

አልጋነሽ ደግሞ የት ናት? ከወዲያ ማዶ! ትርንጎ ወንዙ ዳር ወርዳ እጇን አፏ ላይ አድርጋ ተጣራች። አልጋነሽ ነጠላዋን እንደ ሐዘንተኛ አዘቅዝቃ ለብሳ ብቅ አለች።

«አልጋነሽ! ዘርትሁን ናቀችኝ እያለች ነው!»

«እኔ? እኔ ልናቃት? ስምንት ቀን ሙሉ እዚህ ዳር ቆሜ ደረቴን ስመታ! ልሻገር ብል ይሄ ጩቤ አወጣብኝ!»

ቀማኛው ከመሐል ሆኖ «አልቅሺ እማማ፣ ጎበዝ፣ ድምፅሽ ያምራል» ይላታል። አያችሁ ይሄን አፈ ቁስል?

እንግዲህ አልጋነሽ አትመጣም፤ ዘርትሁን አትነሣም፤ ዳኛው አያዝዙም፤ ድንኳኑ አይነቀልም፤ መኪናው አይወርድም፤ ቀማኛው አይሸሽም። ቀማኛው ካልሸሸ ደግሞ አልጋነሽ አትመጣም! ዞሮ ዞሮ እዚያው።

ትርንጎ ድንጋይ ላይ ቁጭ አለች። ስልኳ ጮኸ፤ ስታነሣው የሚሰማው የሕፃኑ ልቅሶ ብቻ ነው። ብድግ አለች። ተመልሳ ድንኳኑ ውስጥ ገባች።

«ዘርትሁን፣ አልጋነሽ ማዶ ቆማ ስምንት ቀን ስታለቅስ ከርማለች። ቀማኛ ነው ያገዳት። እሷ ወደ ለቅሶው መምጣት ካልቻለች፣ ለቅሶው ወደ እሷ ይሂድላት።»

«ለቅሶ በእግሩ ሲሄድ የት ታየ?» አሉ አንዲት አሮጊት።

«ታቦት እንኳ በጥምቀት ወንዝ ይወርድ የለም እንዴ?» አለች ትርንጎ።

ዘርትሁን ክንዷን ዘረጋች፤ «ደግፉኝ» አለች።

ለቀስተኛው በሙሉ በዝናቡ ወረደ። ዘርትሁን ከወዲህ፣ አልጋነሽ ከወዲያ፣ መሐላቸው ውኃው እያገሳ፣ ሟቹን በስሙ እየጠሩ አለቀሱ። የአልጋነሽ ድምፅ ውኃውን አልፎ መጣ። ዘርትሁን ፊቷን ጠረገች። «ደርሰሽልኛል! ይበቃኛል!» ብላ ጮኸች።

ያኔ ነው የተፈታው፣ ልጆቼ! አልጋነሽ አለቀሰች፤ ዘርትሁን ተነሣች፤ ዳኛው አዘዙ፤ ሽብሩ ካስማውን ነቀለ፤ ድንኳኑ ወረደ፤ መኪናው አለፈ። ድልድዩ አፍ ላይ ቆሞ ዓይኑን ከፍ አደረገ። ዓይኑ ዞረ፣ ዞረና ቀማኛው ላይ ቆመ። ቀማኛው ኮፍያውን ፊቱ ላይ ሳበ፤ ወደ ግራ አየ፣ ወደ ቀኝ አየ፣ ጩቤውን ወንዝ ከቶ በረረ።

አልጋነሽ ሮጣ መጥታ ዘርትሁን አንገት ላይ ተጠመጠመች። ትርንጎ ግን አልቆመችም፤ ቤቷ ገብታ ሌላ ገንፎ ሠራች። ድልድዩ ላይ ስትደርስ ገንፎውን ደረቷ ላይ አጥብቃ ያዘች። ሳጅን አበጋዝ በመስኮት ብቅ ብሎ «እለፊ እናቴ፣ ያይሻል» አላት። አለፈች። ገንፎው እየተነነ ደረሰ፤ ውባለም በላች፤ ሳህኑን ጠረገችው። ማታውን ጡቷ ወተት አጋተ፤ ሕፃኑ ጠብቶ ተኛ። ትርንጎ ያን ጊዜ ነው ጫማዋን ያወለቀችው።

ከዚያ በኋላማ፣ መኪናው እስከ መስከረም እዚያው ቆሞ ከረመ። ቀማኛው ሌላ ሰፈር ሲሞክር በፊቱ ለዩት፤ ታስሮ ተፈታ፤ አሁን አትክልት ተራ ጎመን ያወርዳል። ሽብሩ ድንኳን ሲተክል ለመኪና ማለፊያ መተው ጀምሯል። ዘርትሁንና አልጋነሽ አሁንም አንድ ላይ ናቸው፤ በየሳምንቱ ይኮራረፋሉ፣ ይታረቃሉ። የትርንጎ ባል ድኖ በምርኩዝ ይሄዳል። ሕፃኑ አድጎ ትምህርት ቤት ገባ፤ ገንፎ ግን አይወድም።

ይኸው ነው። እኔ የሰማሁትን አወረድኩላችሁ፤ እናንተ ደግሞ ለሌላ አሻግሩት።