በተፈቀደው ጭስ የሚበስል ንፍሮ

ውሸት ነው ካላችሁ ዶሮዎቹን ጠይቁ! አለቃው አቶ ልሳነወርቅ የመኪና መንጋ አስከትለው ወደ መንደራችን ሲመጡ ጭሳቸው ፀሐይዋን ቢጋርዳት፣ ዶሮዎቹ መሸ ብለው ቆጥ ላይ ወጡ።

አለቃው ገና ከመውረዳቸው፣ «ከዛሬ ጀምሮ አየር የሚበክል ጭስ ክልክል ነው! እንጨት ያነደደ ድስቱ ይወረሳል። አዲሱ ልማት ሁላችሁንም ያቅፋል!» አሉ። እኛም እያሳልን አጨበጨብን።

ከመካከላችን ንፍሮ ቀቅላ እየሸጠች ልጆቿን የምታሳድግ ሴት ነበረች፤ ሀብቷ ያቺው አንድ ድስት ናት። አለቃውን ራባቸውና ጠሯት።

«ስሚ አንቺ! ትኩስ ንፍሮ አምጪ። እሳት ካነደድሽ ድስቱን እወርሳለሁ፤ እንግዳ ካስራብሽ ደግሞ ገበያ አትደርሺም።»

«ምን ገዶ፣ ጌታዬ!» ብላ ሄደች። ቆይተው ቢፈልጓት፣ ከመኪናቸው የጭስ ማውጫ ሥር ጉልቻ ጎልታ፣ ባቄላውን ጥዳ፣ ቁጢጥ ብላለች።

«ምን እያደረግሽ ነው?» ብለው ጮኹባት።

«ንፍሮዎን ልቀቅል ነዋ! በአገሩ የተፈቀደው ጭስ የእርስዎ ብቻ ነው። በሉ ሞተሩን ያስነሱልኝ! ሌሎቹም መኪኖች ከተነሱ ለመንደሩ ሁሉ ይበስላል፤ ያኔ ልማቱ ሁላችንንም አቀፈን ማለት ነው።»

አለቃው ድስቷን ሳይነኩ፣ ጦማቸውን ሄዱ። ጭሱ ሲገፈፍ ዶሮዎቹ ነጋ ብለው ከቆጥ ወረዱ።