ጨው የነካው የተልባ ውሃ

አንድ የገበያ ሽማግሌ ነበረ። ትርንጎዬ፣ «ዓይን የማያየውን ሞለኪውል መጠኑንና ቅርጹን ለካሁ ብዬ እንዴት አፌን ሞልቼ እናገራለሁ?» ብለሽ ጠይቀሽኝ የለ? ዩኒቨርሲቲው ያልመለሰልሽን እኔ ከስድስተኛ ክፍል የወጣሁት አጎትሽ ልመልስልሽ ነው፤ አትሳቂ፣ ስሚ።

ይህ ሽማግሌ በጉልምስናው ሸማኔ ነበር። ካረጀ በኋላ ገበያ ውስጥ የተጣላ ሁሉ እሱ ዘንድ ይመጣል። አንድ ቅዳሜ አንዲት ተልባ ሻጭ ይዘው መጡበት። ሴትየዋ ተልባ ዘፍዝፋ፣ አጥልላ፣ ልጋጋሙን ውሃ ጨጓራ ለሚያቃጥለው ሰው በጣሳ እየሸጠች የምትኖር ነች። ድሮ ከማንኪያ ላይ እንደ ክር ይንጠለጠል የነበረው ተልባዋ ቀጠነ። ደንበኞቿ ውሃ እያበዛች ታታልለናለች አሉ። እውነት ከሆነ ቦታዋን ተነጥቃ ከገበያው ልትባረር ነው፤ ሌላ መተዳደሪያ የላትም። እሷ ደግሞ ጠብታ አልጨመርኩም ብላ ትምላለች።

ሽማግሌው ቢያይ ቢያይ ውሃ ነው። ቢያሸትም ያው ውሃ ነው። ጨነቀው። ቀመስ አደረገና፣

«ልጄ፣ ከተልባና ከውሃ ሌላ ምን ገብቷል?» አላት።

አንገቷን ደፋች። «ጨው፣ አባቴ። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ፣ እንዳይኮመጥጥብኝ ብዬ።»

ሰዉ ሳቀ። አንዱማ «ጨው ካቀጠነው በርበሬ ያወፍረው ይሆናላ» አለ።

ሽማግሌው አልሳቀም። ቂጧ በወስፌ የተበሳ ቅል አንጠልጥሎ ንጹሕ ውሃ ሞላባት፤ ፈስሶ እስኪያልቅ ሠላሳ ቆጠረ። የሴትየዋን ተልባ ሞላ፤ ሃምሳ። ከዚያ ተልባውንም ውሃውንም እሷ በምትሰፍረው ልክ ፊታቸው ዘፍዝፎ፣ አጥልሎ፣ ያለ ጨው ሞላው። ቆጠረ፣ ቆጠረ፣ መቶ ሃያ ላይ አለቀ። የፈሰሰውን መልሶ ሰበሰበና እሷ የምታደርገውን ያህል ጨው ጣል አድርጎ አማሰለው። አሁን ሳቂዎቹ ራሳቸው ጮክ ብለው ቆጠሩ። ልክ ሃምሳ ላይ ቅሏ ባዶ ሆነች።

ጠብታ ውሃ አልተጨመረም፤ ሁሉም ቆሞ እያየ ነው። ሽማግሌው አርባ ዓመት ክር ሲፈታና ሲጠቀልል የኖረ ሰው ነውና ገባው።

«ውስጡ ክር አለ» አለ ቀስ ብሎ። «እኛ አናየውም። ንጹሕ ውሃ ውስጥ ዘርጋ ብሎ፣ ብዙ ቦታ ይዞ፣ ውሃውን አላሳልፍ ይላል። ጨው ሲነካው ኩምትር ብሎ ይጠቀለላል፤ ውሃውም በጎኑ ሹልክ ይላል። ክሩ አልጎደለም። ቅርጹ ነው የተለወጠው።»

ሴትየዋ ቦታዋ ላይ ተመለሰች፤ ጨውንም ተወች። ሽማግሌው ግን ያን ቀን ሌላ ነገር አልዳኘም። ጣሳ ሙሉ ተልባ ይዞ፣ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ እንደደረሰ ሰው ባርኔጣውን አውልቆ፣ ተቀመጠ።

እንግዲህ ትርንጎ፣ ያቺ ቅል ላብራቶሪያችሁ ያለው ቀጭኑ ቱቦ ነች። ክሩም ያ ፖሊመር የምትይው ረጅሙ ሞለኪውል ነው። አንቺ ሰዓት ይዘሽ ፈሳሹ እስኪወርድ ስትጠብቂ ከንቱ ሥራ መስሎሻል። ሞለኪውሉ ግን በያዘው ቦታ ልክ ውሃውን እያዘገየ፣ እዚህ ተዘርግቻለሁ፣ እዚህ ተኮማትሬያለሁ እያለ ይነግርሻል። ሽማግሌው ክሩን በዓይኑ ሳያይ የሰው እንጀራ አስመልሷል። አንቺም ደጋግመሽ ቆጥረሽ ቁጥሩ እኩል ከመጣልሽ፣ አይተሽዋል።