የሼህ ጦይብ ድልዳል

ስሟ ተረስቶ ገበያዋ ብቻ በሚነሳ አንዲት የቆላ ከተማ፣ ሼህ ጦይብ የሚባሉ ጭነት አሳሪ ነበሩ። ጨው በግመል በሚያጓጉዝ ትልቅ የንግድ ቤት ሠላሳ ዓመት ሠርተዋል። ባለቤቱ ሀጂ ሞተው ቤቱ ለሁለቱ ልጆቻቸው፣ ለጀውሀርና ለሸምሱ፣ ከተላለፈ ወዲህ ግን ሥራው ሁሉ ወገብ የሚቆርጥ ሆነ። ወንድማማቾቹ አይስማሙም፤ ሸምሱ ጎህ ሲቀድ፣ ከሱብሒ ሶላት በኋላ «ጫኑ» ይላል። ጀውሀር እኩለ ቀን፣ ዙህር ላይ ሰው ልኮ ግመሎቹን ከከተማው ውጭ ካለው ወንዝ ዳር ያስመልስና «አራግፉ» ይላል። በማግስቱም ያው ነው።

ሠራተኛው ሰለቸ፤ አይፈረድበትም። «ለሚራገፍ ጭነት ማን ይደክማል?» እያለ ከጭነቱ ስር የሚነጠፈውን ድልዳል ሳያስተካክል ገመዱን ጣል ያደርግ ጀመር። ሼህ ጦይብ ብቻ ቢስሚላህ ብለው ድልዳሉን በእጃቸው ይዳብሳሉ፤ እጥፋቱን አቃንተው ያስራሉ። እሳቸውም ደክሟቸው ነበር። ቤት ሲገቡ ለባለቤታቸው «ዛሬም በከንቱ ዋልኩ» ይሉ ነበር ይባላል።

አንድ ጧት ሸምሱ ወንድሙ ሳይነሳ ወንዙን ለመሻገር ቸኮለ።

«ሼሁ፣ ድልዳሉን ይተዉትና ይጫኑ።»

«ያለ ድልዳል ጀርባው ይገጥባል፣ ልጄ።»

«ግመሉ የኔ ነው። ካልሆነልዎ ቤትዎ ይግቡ።»

ቤታቸው የእሳቸውን እጅ የሚያይ ስድስት ነፍስ አለ፤ ሌላ ሥራም የላቸውም።

«ንብረቱ ያንተ ነው፤ ነፍሱ ግን የአላህ አማና፣ አደራ ናት» አሉ ሼሁ። የጀመሩትን አራተኛ ግመል ድልዳሉን አንጥፈው፣ አስረው ጨረሱ። ከዚያ የቀረውን ገመድ አስረክበው ሄዱ፤ የቀሩትን ግመሎች ሌሎቹ ያለ ድልዳል ጫኑ።

ዙህር ላይ ጀውሀር እንደ ልማዱ ግመሎቹን አስመለሰ። ጭነቱ ሲወርድ የአሥራ አንዱ ጀርባ ገጥቦ ይደማ ነበር፤ ደህና የነበሩት ሼሁ ያሰሯቸው አራቱ ብቻ ናቸው። ጀውሀር ራሱ ሼሁ ቤት ድረስ ሄደ።

«ሸምሱ በድሎዎታል። ይመለሱና የአሳሪዎች አለቃ ይሁኑ፤ ብቻ ከኔ ጋር ይቁሙ።»

«እሱ ያለ ድልዳል አስጫነ፤ አንተ ከመንገድ አስመለስክ» አሉ ሼሁ። «የገጠቡትን ላክም እመጣለሁ፤ ከማንም ጋር ግን አልቆምም። እናንተ ሁለት ናችሁ፤ ጀርባው አንድ ነው።»

ይህን ስሰማ የማስበው ግመሎቹን ብቻ አይደለም። አለቃ በየወሩ በሚቀያየርበት መሥሪያ ቤት የምትውሉ ታውቁታላችሁ። ሼሁ የወንድማማቾቹን ጠብ ማብረድ አልቻሉም፤ ሰብርን፣ ትዕግሥትን ግን እጅ አጣጥፎ መቀመጥ አላደረጉትም። እጃቸው የደረሰበትን አለሰለሱ። ትእዛዝ የምትሰጡ ደግሞ አላህን ፍሩ፤ «አራግፉ» ባላችሁ ጊዜ፣ እስከዚያች ሰዓት ጭነቱን የተሸከመ ጀርባ አለ።