ቀበሮ የላካቸው አንኳኪዎች

አንድ ጊዜ፣ የሾላ ሜዳ እንስሳት በየቤታቸው ኢንተርኔት ባስገቡ በሁለተኛው ዓመት፣ ዝናብ ጠፋና ምንጩ ሳሳ። የውሃ ነገር ጭቅጭቅ አመጣ። ከሁሉ በፊት የሚጠጣው አንበሳ ነው፤ በዚህ የተከራከረ የለም። ከእሱ ቀጥሎ ማን ይጠጣ በሚለው ላይ ግን ቀንድ ያለው በቀንዱ፣ ክራንቻ ያለው በክራንቻው መነጋገር ጀመረ። እመት አህያ ቀንድም ክራንቻም አልነበራትም። ቀኑን ሙሉ የጎረቤቱን ጭነት ስታመላልስ ውላ ምንጩ ዘንድ የምትደርሰው ሁሉም ጠጥቶ፣ ታጥቦ፣ ተንቦጫርቆ ከሄደ በኋላ ነው። የሚቀርላት ጭቃ ነበር። ጭቃውን በከንፈሯ እያጠለለች ትጠጣና ወደ ቤቷ ትመለሳለች።

ጭቅጭቁ የሰለቸው አንበሳ አዋጅ አስነገረ። የገበጣ ውድድር ይደረጋል፤ ሁሉም ከየቤቱ ሆኖ በኢንተርኔት ይጫወታል፤ ያሸነፈ እስከሚመጣው ክረምት ድረስ ከንጉሡ ቀጥሎ ይጠጣል። ፊት ለፊት ተቀምጠው እንዳይጫወቱ የከለከለው ያለ ምክንያት አልነበረም። ባለፈው ዓመት ተሸናፊው አሸናፊውን በልቶት ነበር። አንዲት ደንብ ብቻ ጨመረ፦ በጨዋታ መሀል መስመሩ የተቋረጠበትና መቶ እስኪቆጠር ያልተመለሰ ተሸንፏል።

እመት አህያ ስትመዘገብ ያልሳቀ አልነበረም። ነገር ግን ጀርባው ላይ ሁለት ኩንታል ተጭኖበት ዳገት የሚወጣ ሰው በጭንቅላቱ ምን እንደሚሠራ ማንም ጠይቋት አያውቅም። ለካ ዓመቱን ሙሉ ዳገት በወጣች ቁጥር በሐሳቧ ጠጠር ስትዘራ፣ ስትለቅምና ስትቆጥር ኖራለች። መጀመሪያ ጦጣን አሸነፈች። ቀጥሎ ከርከሮን። አያ ጅቦንማ ለማሸነፍ ብዙም አልደከመች፤ ተራው ሳይደርስ ጠጠሩን ሁሉ ልሰብስብ እያለ ራሱን ጣለ። በመጨረሻ አህያና ቀበሮ ቀሩ። ሦስት ጊዜ ይጫወታሉ፤ ሁለቴ ያሸነፈ ውሃውን ይወስዳል።

ቀበሮ ገና ውድድሩ ሳይጀመር፣ ከንጉሡ ቀጥሎ የምጠጣው እኔ ነኝ ብሎ ለአገሩ ሁሉ አውርቶ ነበር። አህያ ስትጫወት ካየ በኋላ ግን በጠጠር እንደማይችላት ገባው። ስለዚህ በሌላ መንገድ መጣ።

ሰኞ ጠዋት በሯን አንኳኳና እጅ ነሥቶ ገባ። ሲገባ ጀምሮ ምስጋናውን አዘነበው። የአጨዋወቷ ነገር እንዳስደነቀው፣ እንደ እሷ ያለ አእምሮ በሾላ ሜዳ እንዳልተፈጠረ፣ መስመሯም የፈጣን ፈጣን እንደሆነ ነገራት። የእኔ መስመር ይንቀራፈፋል፤ ያንቺን ሳጥን እንዴት አድርገው እንደገጠሙልሽ ልይና የእኔንም እንደዚያው ላድርግ ብሎ ለመናት።

እመት አህያ ስትመታ እንጂ ስትመሰገን አድጋ አታውቅም። ምስጋናው ሞቃት። የዋይፋይ ሳጥኑን ከመደርደሪያው አውርዳ ሰጠችው፤ እሷ የሚጠጣ ልታመጣለት ወደ ጓዳ ገባች። ቀበሮም ሳጥኑን ገለበጠው። ሆዱ ላይ ከፋብሪካ የተጻፈው የይለፍ ቃል እንዳለ ተለጥፏል፤ ከገባ ጀምሮ የቀየረው የለም። በዚያ የይለፍ ቃል በስልኩ ከፍቶ ገባና የአህያ መስመር በውጭ የሚታወቅበትን ቁጥር ቀዳ። ይህን ቁጥር የያዘ፣ ቤቷ ሳይደርስ በሯን ማንኳኳት ይችላል። አህያ ስትመለስ ሳጥኑ መደርደሪያው ላይ ነበር፤ ቀበሮም በጣም በትሕትና ያጠራቀመችውን ውሃ ጠጣላት።

ከዚያ በቀጥታ ያመራው ወደ ጅብ ቤት ነበር። አያ ጅቦ የመጣ ዕቃ ሁሉ አያመልጠውም። አራት ፍሪጅ አለው፤ ፍሪጆቹን የሚጠብቁ ስድስት ካሜራዎች አሉት፤ ካሜራዎቹን የሚያሳይ ቴሌቪዥን አለው። ሁሉም ከኢንተርኔት ጋር የተያያዙ ናቸው፤ ሁሉም የፋብሪካው የይለፍ ቃል እንዳለባቸው ነው። ዘመዶቹም እንደዚያው።

«አያ ጅቦ» አለው ቀበሮ፣ «ሥጋ በነፃ የሚታደልበት ገጽ ተከፍቷል። ይችን ሊንክ መጫን ብቻ ነው።»

«አጥንት አለው?»

«በአጥንቱ ነው። ግን ለሃያ ዘመድ ካላካፈልክ አይመጣልህም።»

ጅብ ማካፈል የሚባል ነገር አይወድም። ሆኖም ሥጋው እንዳይቀርበት ብሎ ሃያ ዘመዶቹን ቆጠረና ላከላቸው፤ እነሱም ተጫኑት። እሱ ራሱ ሊንኩን አርባ ጊዜ ያህል ተጫነው። ሥጋ አልመጣም። በዚያች ቅጽበት ግን የሃያ አንድ ጅቦች ፍሪጅ፣ ካሜራና ቴሌቪዥን ለቀበሮ ታዛዥ ሆኑ። ጅቦቹም ፍሪጃቸው ፊት ቁጭ ብለው ይጠብቁ ጀመር።

ረቡዕ እኩለ ቀን ላይ የመጀመሪያው ጨዋታ ተጀመረ። አህያ ጥሩ ይዛለች። የቀበሮ ጉድጓዶች አንድ በአንድ እየተራቆቱ ነው። ሁለት ጊዜ ብትለቅም ያልቅ ነበር። ድንገት ጠጠሮቹ ባሉበት ቀጥ አሉ። በስክሪኑ መሀል አንዲት ክብ እየተሽከረከረች ቀረች። አህያ ሳጥኑን አጠፋችና አበራች። ገመዱን ነቅላ ሰካች። በሰኮናዋ ቀስ ብላ መታ መታ አደረገችው፤ ምንም። በሌላው ሁሉ ስክሪን ላይ ቆጠራው መቶ ሞላ፤ ቀበሮ አሸነፈ ተባለ።

አይጥ ገመዱን በልቶት ይሆናል ብላ ከቤቷ እስከ ምሰሶው ድረስ እየተከተለች አየችው። ደኅና ነው። ጭነት ያለበት ሰው የሚጠራት በዚያው በኢንተርኔት ነበርና ከሰዓቱን የጠራት አልነበረም፤ ሥራ ፈትታ ደጃፏ ላይ ቆመች። አመሻሹ ላይ መስመሩ ምንም እንዳልሆነ ሁሉ ተመልሶ መጣ። መጀመሪያ የገባላት መልእክት የቀበሮ ነበር፦ «አይዞሽ እህቴ፤ መስመር እንዲህ ነው። ሲለው ይመጣል፣ ሲለው ይሄዳል።»

ጆሮዎቿ ወረዱ። ጥፋቱን ከራሷ ፈለገችው። ለአህያ ገበጣ ምኗ ነው፣ ልተወው ይሆን ብላ አሰበች። የጭቃው አሸዋ ግን ከጥርሷ ላይ ገና አልጸዳም ነበር፤ ስታፋጨው ቀረጨጨ። በማግሥቱ ማለዳ ወደ መስመር ቢሮ ሄደች።

ቢሮው ውስጥ ያለው ጋሽ ኤሊ ነው። ከድንጋይ ጋር አብሮ ያደገ፣ በሕይወቱ ቸኩሎ የማያውቅ ባለሙያ። የአህያን መስመር መዝገብ ከፈተና ማንበብ ጀመረ። አህያ ቆማ ጠበቀች። ደክሟት ተቀመጠች። ኤሊ አነበበ።

«ልጄ፣ መስመርሽ አልተበላሸም» አላት በመጨረሻ። «ታንቋል። ትናንት በአንድ ሰዓት ውስጥ ዘጠኝ መቶ ሺህ ጊዜ ተንኳኩቶብሻል።»

«ማነው የሚያንኳኳው ጋሼ?»

«ፍሪጅ።»

አህያ የሰማችውን ማመን አቅቷት አንድ ጆሮዋን አቀናች። «ምን አሉኝ?»

«ፍሪጅ። አብዛኛው ፍሪጅ ነው፤ ካሜራም አለበት።»

ነገሩን አስረዳት። እነዚህ አንኳኪዎች መግባት አይፈልጉም፤ ሥራቸው ማንኳኳት ብቻ ነው። ሳጥኑ ግን ጨዋ ስለሆነ ለእያንዳንዱ ማነህ ብሎ ይጠይቃል። እሱ ማነህ ማነህ ሲል ጊዜው ያልቃል፤ መንገዱም ከበሩ እስከ ምሰሶው በአንኳኪ ስለሚሞላ የገበጣው ጠጠር የሚያልፍበት ቀዳዳ ያጣል። ከዚያም ሰሞኑን ሳጥኑን ያየ ሰው እንዳለ ጠየቃት። አህያ አፍራ መሬት መሬት እያየች የቀበሮን መምጣት፣ ምስጋናውንም ጭምር ነገረችው። አሁኑኑ ሄጄ አንድ ጊዜ ብቻ ልርገጠው ብላም ፈቃድ ጠየቀች።

«እሱን ብትረግጪ ፍሪጆቹ አይቆሙም» አላት ኤሊ። «መጀመሪያ ቤትሽን እንዝጋ።»

አብሯት ቤቷ ለመድረስ ግማሽ ቀን ፈጀበት፤ ሥራው ግን ከጉዞው አጠረ። የፋብሪካውን የይለፍ ቃል አስቀየራት፤ አዲሱን ማንም የማይገምተው ረጅም እንዲሆን አደረገ። ሁለት ዓመት ሙሉ አፕዴት ሳይደረግ የቆየውን ሳጥን አደሰው። ከውጭ ለማያውቀው አንኳኪ መልስ መስጠቱን እንዲተው አዘዘው። ይህ ብቻ ግን እንደማይበቃ አልደበቃትም፤ ሕዝቡ ደጃፍ ከደረሰ በኋላ በር ቢዘጋም መንገዱ እንደታፈነ ነውና። ስለዚህ አንኳኪውን ገና ቢሮው በራፍ ላይ፣ መንገዱ ሰፊ በሆነበት ቦታ፣ የሚያጣራ ወንፊት አስገባላት። የመስመሯንም ቁጥር ቀየረ። አሮጌው ቁጥር ወደ ቢሮው ተመልሶ፣ አዲስ መስመር ለሚጠይቅ ለሚቀጥለው ሰው ይሰጣል። ምናልባት ይህም ሁሉ ቢከሽፍ ብሎ በስልኳ በኩል ሁለተኛ መንገድ አዘጋጀላት።

«አዲሱን ቁጥር ለማንም እንዳትሰጪ» አላት ሲወጣ። «ሲያመሰግኑሽም አትስጪ።»

በዚያው ሐሙስ አመሻሽ ላይ አንበሳ አንድ ነገር አማረው። እስከዚያ ቀን ድረስ ዋሻው መስመር ስላልነበረው ጨዋታውን የሚከታተለው በቢሮው አደባባይ በተሰቀለው ትልቅ ስክሪን ላይ፣ ከሚዳቋና ከጥንቸል ጋር ተጋፍቶ ነበር። የፍጻሜውን ጨዋታ ግን ዋሻው ውስጥ ጋደም ብሎ ማየት አምሮት መስመር አዘዘ። የቢሮው ተረኛ ለንጉሥ አያዘገይምና በእጁ የተገኘውን ቁጥር ወዲያው ሰጠው።

ዓርብ ሁለተኛው ጨዋታ ተጀመረ። ቀበሮ ሰሌዳውን እንኳ በወጉ አላየም፤ አንድ እግሩን በሌላው ላይ ጭኖ ጠጠሩን እንዲያው ይወረውር ነበር። አህያ ማሸነፍ ስትጀምር ፈገግ ብሎ ቁልፉን ተጫነ። የሃያ አንድ ጅቦች ፍሪጅ በአንድ ላይ ተነሣ። ቀበሮ ቆጠራው እስኪጀመር ጠበቀ።

አህያ ለቀመች።

ቀበሮ እግሩን አወረደ። ቁልፉን ደግሞ ተጫነው። አህያ ዘራች፤ ለቀመች። ቀበሮ ቁልፉን በሁለት እጁ ይወቅጠው ጀመር። ያን ጊዜ ከወደ ተራራው አንድ ግሣት መጣ፤ ለመሰማት ኢንተርኔት የማያስፈልገው ዓይነት ግሣት። ንጉሡ ጋደም ብሎ፣ አህያዋ ትልቁን ጉድጓድ ልትለቅም ስትል እያየ ሳለ ስክሪኑ ደርቆበት ነበር።

ቀበሮ ብልህ ነውና የአህያ ቁጥር ማን ጋ እንደደረሰ ለመገመት ረጅም ጊዜ አልወሰደበትም። ሁለተኛውን ጨዋታ ተሸነፈ። ሦስተኛው ሲጀመር ግሣቱ እየቀረበ ይመጣ ነበር፤ በዚያ ጭንቀት ውስጥ ጠጠር የሚቆጥር ማን አለ? እንዲያውም አንዴ የራሱን ጉድጓድ ለአህያ ዘራላት። አህያ ግን ግሣቱንም ሰምታ አልቸኮለችም፤ እንደ ዳገቱ ሁሉ አንድ አንድ እርምጃ እየሄደች ጨረሰችው።

አንበሳ ሁሉንም ሾላው ሥር ሰበሰበ። ጋሽ ኤሊ በአስቸኳይ ይምጣ ተባለና ወደ ማታ ላይ ደረሰ። መዝገቡን አነበበ፤ የንጉሡን መስመር ያነቁት የጅቦች ፍሪጆች ናቸው። ሁሉም ዞሮ አያ ጅቦን አየው። ጅብ ያለ የሌለውን ተናዘዘ፦ ሊንኩን የሰጠው ቀበሮ ነው፤ እሱ የተጫነው ለሥጋ ብሎ ነው፤ ማንንም የማንኳኳት ሐሳብ አልነበረውም።

«ሥጋውስ መጣልህ?» አለ አንበሳ።

«ጌታዬ፣ እስካሁን እየጠበቅሁ ነው» አለ ጅብ።

ቀበሮ ለመከራከር ሞከረ። ያደረገው ሁሉ የአገሩን መስመር ጥንካሬ ለመፈተን፣ ለሁሉም ደኅንነት በማሰብ እንደሆነ ተናገረ። አንበሳ እስኪጨርስ ሰማውና እንዲህ ሲል ፈረደ። ያልተቆለፈውን ቤት ሁሉ አንተ ታውቀዋለህ፤ ስለዚህ ከቤት ቤት እየዞርክ የፋብሪካውን የይለፍ ቃል ታስቀይራለህ፤ የታዘዘልህን ፍሪጅ ሁሉ ታጸዳለህ። መጀመሪያ ከሃያ አንዱ ጅቦች ትጀምራለህ፤ እነሱም ሥጋቸውን ቢጠይቁህ መልሱ ያንተ ነው። እስከ ክረምትም ከሁሉ በኋላ ትጠጣለህ።

በማግሥቱ ጠዋት አንበሳ ጠጥቶ ሲመለስ እመት አህያ ወደ ምንጩ ወረደች። ከኋላዋ ቀንዱም ክራንቻውም ተሰልፎ ቆሟል። ውሃው ጥርት ብሎ ጠጠሩ ከሥር ይቆጠራል። ለመጀመሪያ ጊዜ የራሷን ፊት አየችበት፤ ትንሽ ተመለከተችው። ከዚያ አንገቷን ዝቅ አድርጋ፣ ሳትቸኩል፣ እስኪበቃት ጠጣች።

ከዚህ የምንማረው፣ የራሱን በር ሳይቆልፍ የተወ ሰው ሳያውቀው የጎረቤቱን በር ከሚደበድቡት ጋር እንደሚቆም ነው።