እንዝርት የደበቀው ወንድም

ተረት ተረት፤
የነገር አጥር፤
ላዳመጠ ልጅ አያልቅ ምሥጢር።

ጆሮ ሰጣችሁኝ? እንግዲያስ ስሙ።

ዱሮ፣ በጣም ዱሮ፣ ቢሻው የሚባል ገበሬ ነበር። ሚስቱ መንታ ወለደችለት። ወንዱ ቀደመ፤ ሴቷ ተከተለች። ለወንዱ ሰባት ጊዜ እልል ተባለ፤ ለሴቷ ሦስት ጊዜ። ወንዱን ጓንጉል አሉት፤ ሴቷን አትጠገብ አሏት። ገና ሳይድሁ ለእሱ ጅራፍ፣ ለእሷ እንዝርት ከራስጌያቸው አኖሩላቸው። ልጆቹን ማንም አልጠየቀም። ሕፃን ማን ይጠይቃል?

ልጆቹ አደጉ። እንዝርቱ የአትጠገብ ሆኖ ሳለ የሚያሾረው የጓንጉል እጅ ነበር። ጅራፉም የጓንጉል ሆኖ ሳለ የሚውለው በአትጠገብ ትከሻ ላይ ነበር። አባት ይህን አየና ልጁን ገረፈው። ወንድ ልጅ እንዝርት ከነካ ጢም አያበቅልም አለው። እናትም ልጇን ቆነጠጠቻት። ሴት የሚታረስበትን ዕርፍ ከጨበጠች ባል አታገኝም አለቻት። አትጠገብ ተቆንጥጣ ሳቀች። ጓንጉል ተገርፎ ተደበቀ። ከዚያ ወዲያ የሚፈትለው ከጎተራው ጀርባ ተሸሽጎ ነበር።

አንድ ዓመት ቢሻው ከዛፍ ወድቆ እግሩ ተሰበረ። የእርሻ ወቅት ደረሰ። ጓንጉል በሬዎቹን ጠምዶ ወደ ማሳው ወረደ። ሞፈሩ ወዲህ ሲል በሬው ወዲያ፤ በሬው ወዲህ ሲል ሞፈሩ ወዲያ። ትልሙ እባብ የሄደበት መሰለ። ጎረቤት ቆሞ ሳቀበት፤ ሴታሴት አለው። በማግስቱ አትጠገብ ቀሚሷን ሸብ አድርጋ ወረደች። ትልሟ እንደ ተወጠረ ገመድ ቀጥ አለ። ያው ጎረቤት አልሳቀም። ራሱን እየነቀነቀ፣ "እሷስ ወንድ ናት" አለ።

ጓንጉል ይህን ሰማ። እሷ የወንድ ብትሠራ ወንድ ተብላ ትመረቃለች፤ እኔ የሴት ብሠራ ሴት ተብዬ እሰደባለሁ አለ በልቡ። 

በዚያው ሰሞን እናቱ እሱ የፈተለውን ልቃቂት ገበያ አወጣች። ክሩ ከሸረሪት ድር የቀጠነ፣ ከጅማት የጠነከረ ነበር። ሸማኔዎች ተሻሙበት። የማን እጅ ነው ብለው ጠየቋት። እናት አፈረች። "የልጄ ነው" ብቻ አለች። ሸማኔዎቹም ሴት ልጇን ያለች መስሏቸው አትጠገብን መረቁ። የምታርስም የምትፈትልም ልጅ የወለደ ማሕፀን ይባረክ አሉ።

ጓንጉል ከእናቱ አጠገብ ቆሞ ነበር። የእሷ ምስጋና የእሷ ሆነ። የእሱም ምስጋና የእሷ ሆነ። ከዚያን ቀን ጀምሮ የበላው ሁሉ እሬት እሬት አለው። እህቱ ስትስቅ በእሱ የሳቀች ይመስለዋል። ዝም ስትል የናቀችው ይመስለዋል።

እናም ክፉ አሰበ።

መጀመሪያ ቀንበርና ሞፈር የሚያያይዘውን ጠፍር፣ ምራኑን፣ በቢላ ቆረጠባት። አትጠገብ መቀነቷን ፈትታ አሰረችበትና አረሰች። አገሩ ብልኅ ናት አለ።

ቀጥሎ ማረሻውን ወንዝ ጣለባት። አትጠገብ ወደ ቀጥቃጭ ቤት ሄዳ ቀኑን ሙሉ ወናፍ ስትነፋ ዋለች፤ በድካሟ ዋጋ ከፊተኛው የተሻለ ማረሻ ተሠራላት። አገሩ ብርቱ ናት አለ። የጓንጉል ክፋት ለእሷ ፍግ ሆነላት።

በሦስተኛው አበጋዝ ወደሚባለው የመንደሩ ጭቃ ሹም ሄደ። ዝናብ ዘግይቶ አገሩ ሰማይ ሰማይ የሚያይበት ጊዜ ነበር። ጓንጉል እጅ ነሥቶ፣ ዝናቡን ያስቀረችው እህቴ ናት፤ ሴት ዕርፍ ጨብጣ መሬቱ ተቆጥቶ ነው አለ።

አበጋዝ የአገሩን አሥራ ሁለት ሽማግሌዎች ከዋርካው ሥር ሰበሰበ። ነገሩ እውነት ከሆነ አትጠገብ በለበሰችው ልብስ ብቻ ከአገር ትውጣ፣ ዳግም አትመለስ ብሎ ፈረደ። ያን ጊዜ ጓንጉል ተጸጸተ። ክሱን ግን አላነሣም።

አትጠገብ ተነሥታ ቆመች። "ጌታዬ፣ ወንዝ ማዶም ዝናብ ቀርቷል። እዚያ ያረሰች ሴት የለችም" አለች። ሽማግሌዎቹ እርስ በርሳቸው ተያዩ። እሷ ቀጠለች። "መሬቱ ወንድና ሴት ከለየ፣ ለእናንተማ አይጠፋችሁም። እስቲ እናንተም ለዩ።"

በነገሩ ተስማሙ። ማን የቱን ትልም እንዳወጣ እንዳያዩ ሽማግሌዎቹ ከጉብታ ጀርባ ተቀመጡ። የአገሩ ስመ ጥር አራሽ፣ ጓንጉልና አትጠገብ አንድ አንድ ትልም አወጡ። ከዚያ ሽማግሌዎቹ መጥተው አዩ። ቀጥ ያለው የስመ ጥሩ አራሽ ነው አሉ። መካከለኛው የጓንጉል ነው፣ የአባቱ እጅ ነው አሉ። ጠማማውን በከዘራቸው እየነኩ፣ ይኸውላችሁ የሴት እርሻ አሉ።

አራሹ ጭንቅላቱን አከከ። ከዚያ ምሎ፣ ቀጥ ያለው የእሷ ነው፤ መካከለኛው የኔ ነው አለ። ጠማማው የማን እንደሆነ የጠየቀ አልነበረም። ጓንጉል አንገቱን ደፋ።

አበጋዝ ግን መረታት አልወደደም። እንግዲያስ ይህች ሴት አይደለችም፣ ቀሚስ የለበሰች ወንድ ናት አለ። አትጠገብ ከጉያዋ አንድ ልቃቂት አውጥታ አቀበለችው። የማን ሥራ ይመስልዎታል አለችው።

አበጋዝ ክሩን በጣቶቹ መሐል አሸት አሸት አደረገ። ፊቱ ፈታ አለ። "ይህ የሴት ነው። ያለ ሴት እጅ እንዲህ አይቀጥንም። ገበያው ሁሉ ያንቺ ነው ይላል። ለካ ሴት ነሽ፤ እጅሽ ይባረክ" አለ። ሽማግሌዎቹ አሜን አሉ።

አትጠገብ አዎንም አላለች፣ አይደለምንም አላለች። ዞር ብላ ወንድሟን አየችው።

ጓንጉል ገበያ ላይ አንድ ጊዜ ችሏል። ሁለተኛ ግን አልቻለም።

"የኔ ነው" አለ።

"ምኑ?" አለ አበጋዝ።

"ፈትሉ። በእነዚህ እጆቼ ነው የፈተልኩት። እሷ ክር መቋጠር እንኳ አታውቅም።"

አንዱ ሳቀ። ሁሉም ተከተለው። ጓንጉል ቃሉን አላጠፈም። እንዝርትና ባዘቶ ጥጥ አምጡልኝ አለ። ቁጭ ብሎ ከፊታቸው ፈተለ። ክሩ ረዘመ፣ ሳቁ አጠረ። በመጨረሻ የሚሰማው የእንዝርቱ ድምፅ ብቻ ሆነ። አንዴ የተከፈተ አፍ አይዘጋምና፣ የምራኑንም የማረሻውንም ነገር እዚያው ተናዘዘ።

አበጋዝ እንዲህ ፈረደ። አትጠገብ ትረስ። ጓንጉል ግን እህቱን በሐሰት ስለከሰሰ፣ ለአሥራ ሁለቱ ሽማግሌዎች አሥራ ሁለት ጋቢ የሚወጣው ፈትል ይፍተል፤ እሱንም ሕዝብ እያየው፣ ገበያ መሐል። አበጋዝ ይህን ሲፈርድ ያዋረደው መስሎት ነበር። በመጀመሪያው ገበያ ሰው ሳቀ። በሁለተኛው ገበያ ሰው ቆሞ አየ። በሦስተኛው ገበያ ሸማኔዎች ጥጣቸውን ይዘው ተሰለፉ።

አንድ ቀን ከገበያ ሲመለሱ ጓንጉል እህቱን ጠየቃት። ፈትሉ የኔ መሆኑን እያወቅሽ ለምን አልተናገርሽም አላት።

"እኔ ብናገረው ሐሜት ይሆን ነበር" አለች። ትንሽ ሄደችና ደግሞ፣ "እኔም እኮ እቀናብህ ነበር። ስንት ጊዜ ከጎተራው ጀርባ ሰርቄ አየሁህ። እጄ እምቢ ብሎኝ ነው" አለችው።

ጓንጉል ቆመ። ያን ሁሉ ዓመት ብቻውን የተቃጠለ መስሎት ነበር። ቅናቱ ጨርሶ ለቀቀው አልላችሁም። ዝናቡ መጥቶ ያፈራው የእህቱ ገብስ ሲመሰገን አሁንም ደረቱን ወጋ ያደርገው ነበር። ግን እጁ ሥራ ይዞ ነበርና ለክፋት አልደረሰም።

ልጆች፣ አባቶች ሙያ በልብ ነው ይላሉ። እኔ ደግሞ ልጨምርበት፤ ሙያ በልብ ቢደበቅ፣ ቅናት በአፍ ይወጣል።

ተረቴ አለቀ፤
ጉሮሮዬ ደረቀ፤
ውሃ ያቀበለኝ ልጅ ተመረቀ።